ምልከታውን ከምዘና እንዴት ልለየው?
ሰላም ባልደረቦቼ። ደቡብ ወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ ትምህርት ክፍል ተጠሪ ነኝ። መምህራኑ ጎበዞች ናቸው፤ ግን አብረው አይሠሩም። በዓመት 60 ሰዓት የሚጠበቅብን ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ቅጽ ሞልቶ ፋይል ውስጥ ማስገባት ሆኗል።

ከሁሉ የከበደኝ የእርስ በርስ ምልከታው፣ ማለትም አንዱ መምህር ሌላው ሲያስተምር ክፍል ገብቶ የሚያይበት አሠራር ነው። የሚታየው መምህር ከሥራ አፈጻጸም ነጥቡ የሚቀነስበት ይመስለዋል፤ ተመልካቹም ይሉኝታ ይይዘውና «ጥሩ ነው» ብሎ ይፈርማል። በዚህ መሃል ክፍልፋይ ያልገባቸው ልጆች 9ኛ ክፍልን ያልፋሉ፤ ይሄ ያንገበግበኛል። ቡና ላይ ስንቀመጥ ጨዋታው ይደምቃል፣ የማስተማሩ ነገር ሲነሳ ሁሉም ዝም።

ምልከታን ከምዘና ለይታችሁ የተሳካላችሁ እንዴት ጀመራችሁት? በሁለት ፈረቃ የምትሠሩስ የጋራ ዕቅድ መቼ ታወጣላችሁ? መጀመሪያ ክፍላቸውን እንዲከፍቱ ነባሮቹን ልለምን ወይስ ጀማሪዎቹን?