የፊቱን ቁጥር ተዉት፣ ጀርባውን አንብቡ፦ የፓወር ባንክ፣ የቻርጀርና የሚኒ ዩፒኤስ ጥቆማ

አዲስ አበባ ውስጥ ፓወር ባንክ፣ ቻርጀር ወይም ፍላሽ ልትገዙ ከሆነ ስለ ብራንድ ከመጠየቃችሁ በፊት ዕቃውን ገልብጡት። ጀርባው ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። ፊት ለፊት በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ገዢ ለመሳብ ነው። ዕቃው ምን እንደሚችል የሚነግራችሁ የጀርባው ነው። ዋጋ እዚህ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ስለማይረጋ የዛሬው ነገ ያሳስታችኋል።

ከፓወር ባንክ ልጀምር፤ ሰው በብዛት የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። 10,000 ሚሊአምፒር (mAh) የሚለው ቁጥር የተለካው ውስጥ ባለው ባትሪ ቮልት፣ ማለትም በ3.7 ነው። ስልካችሁ ጋ የሚደርሰው ግን በ5 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ነው። ቮልቱ ከፍ ሲል ሚሊአምፒሩ ይቀንሳል። በሙቀት የሚባክንም አለ። ስለዚህ ጥሩ የሚባለው 10,000 እንኳ ለስልክ የሚያደርሰው 6,000 አካባቢ ነው። ታማኝ አምራች ይህን አይደብቅም። ከኋላ «ሬትድ ካፓሲቲ» ብሎ 5,500 ወይም 6,000 መሆኑን ይጽፋል። 5,000 ባትሪ ያለውን ስልክ አንዴ ሞልቶ ትንሽ ይተርፈዋል ማለት ነው። ይህ መስመር ጭራሽ ከሌለ ለባለሱቁ መልሱለት።

በእጃችሁም መዝኑት። 20,000 የሚል ፓወር ባንክ ከስልካችሁ ብዙም የማይከብድ ከሆነ ውስጡ የተባለው ባትሪ የለም። ክብደት ብቻውን ግን አይበቃም። አንድ ጥገና ቤት 50,000 ተብሎ የተሸጠ ፓወር ባንክ ሲከፈት አይቻለሁ። ሳጥኑ ዐሥር ባትሪ ይይዛል። የተበየዱት ሁለት ብቻ ናቸው። የቀረውን ቦታ በፕላስቲክ የተጠቀለለ አሸዋ ሞልቶታል። ጠጋኙ ልጅ በመጠምዘዣ ወጋ ሲያደርገው አሸዋው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ይህን የገዛ ሰው ገንዘቡን ለፍቶ ነው ያመጣው፤ በጣም ያናድዳል።

ከዱባይ ወይም ከጅዳ በሰው ለምታስመጡ፣ አውሮፕላን ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚያልፈው እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። ይህ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 27,000 ሚሊአምፒር ገደማ ነው። እሱም በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሆንም።

ብራንድ ካላችሁኝ፣ ለአብዛኛው ሰው ኦራይሞን እጠቁማለሁ። ቴክኖን፣ ኢንፊኒክስንና አይቴልን የሚሠራው የትራንሽን ብራንድ ነው። በየሱቁ ይገኛል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ይቀላል። አንከር በጥራት ይበልጠዋል፤ ችግሩ ኮፒው መብዛቱ ነው። ከማታውቁት ሱቅ አንከር ከመግዛት ከምታውቁት ሱቅ ኦራይሞ ይሻላል። ሻኦሚ መሀል ላይ ነው።

ቻርጀር ላይ «አውትፑት» የሚለውን መስመር ፈልጉና ቮልቱን በአምፒሩ አባዙት። 9 ቮልት በ2 አምፒር 18 ዋት ነው። ከዚያ የሚበልጥ ብዜት ከሌለ፣ ፊቱ ላይ 65 ቢለጠፍበትም ያው 18 ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 ከአይፎን 12 ጋር፣ ሳምሰንግ ደግሞ በ2021 ከኤስ21 ጋር ቻርጀሩን ከሳጥኑ ካወጡት ወዲህ ሁሉም ሰው ለብቻው ገዢ ሆኗል። ለአይፎን ጥሩ 20 ዋት ይበቃል። ሳምሰንግ የያዛችሁ ግን «ፒፒኤስ» (PPS) የሚል ጽሑፍ ፈልጉ፤ ቻርጀሩ ቮልቱን እንደ ስልኩ ፍላጎት የሚያስተካክልበት ዘዴ ነው። እሱ ከሌለ ዋቱ ቢበዛም ስልኩ «ሱፐር ፋስት» አይልላችሁም። ላፕቶፓችሁ በታይፕ ሲ የሚሞላ ከሆነ ኬብሉ 100 ዋት የሚችል ይሁን፤ ተራው 60 ላይ ያቆማል። ኬብሉን ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ ፋይል ማስተላለፉንም እዩ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ሞልቷል።

አሁን ከሁሉም በላይ ግዙ የምለው ዕቃ፦ ሚኒ ዩፒኤስ፤ መብራት ሲጠፋ ራውተሩን በባትሪ የሚያቆይ ትንሽ ሳጥን ነው። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑም ስልኩም ባትሪ አላቸው፤ ሥራ የሚያስቆመው ዋይፋዩ ነው። የፋይበሩ መስመር ራሱ በየሰፈሩ መብራት አይፈልግም፤ መብራት የሚፈልገው ቤታችሁ ያለው ራውተር ነው። እሱም አብዛኛውን ጊዜ በ12 ቮልት የሚሠራ ትንሽ ዕቃ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ሚኒ ዩፒኤስ 8,800 ሚሊአምፒር ይላል። በ3.7 ሲባዛ 32 ዋት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ራውተሩ 8 ዋት ቢበላ፣ የሚባክነውን ቀንሰን ሦስት ሰዓት አካባቢ ያቆየዋል። ትልቁ የኮምፒውተር ዩፒኤስ የባትሪውን ኮረንቲ ወደ 220 አውጥቶ የራውተሩ አዳፕተር እንደገና ወደ 12 ያወርደዋል። በመሀል ብዙ ይባክናል፣ ጩኸቱም አለ። ዴስክቶፕ ከሌላችሁ አያስፈልጋችሁም።

ጥንቃቄ ግን አለው። የራውተሩን አዳፕተር ጀርባ አንብቡ። 9 ቮልት ለሚለው ራውተር የ12ቱን ጫፍ ከሰካችሁ ሊያቃጥለው ይችላል። ሱቅ ስትሄዱ አዳፕተሩን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፤ የጫፉ ውፍረትም የተለያየ ነው።

ዲቫይደር ላይ አትሰስቱ። መብራት ከመጥፋቱ ይልቅ ሲመለስ ነው ዕቃ የሚያቃጥለው። ርካሹ ቀጭን ሽቦ ስላለው ራሱ ይግላል። ጥሩ ዲቫይደር ቢኖራችሁም መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑን ንቀሉት።

ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ላይ አጭር ነው። በርካሽ የሚሸጥ 2 ቴራባይት ፍላሽ ውሸት ነው። ኮምፒውተሩ ላይ 2 ቴራ ብሎ ይታያል፤ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን የምትገለብጡት ፋይል ይበላሻል። ኤችቱ ቴስት (H2testw) የሚባለው ነጻ ፕሮግራም እስከ ጥጉ ጽፎ መልሶ ያነበዋል፤ የሠርግ ፎቶ ከማስቀመጣችሁ በፊት አስኪዱት።

የት ልግዛ ለምትሉ፣ መርካቶ ይረክሳል፤ ግን ዕቃ ለሚያውቅ ሰው ነው። ቦሌ መድኃኔዓለምና መገናኛ ያሉ ሱቆች ጨመር ያደርጋሉ፤ ሆኖም ሰክቶ ማየት አይከለክሉም፣ ነገ ብትመለሱም እዚያው ታገኟቸዋላችሁ። ቴሌግራም ላይ የምትገዙ ከሆነ ዕቃው እጃችሁ ገብቶ ሳትፈትሹት ብር አትላኩ። ደረሰኝ ተቀበሉ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ተብሎ ቢለጠፍም የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ አስቀይሩ ወይም ገንዘባችሁን አስመልሱ ይላል። ያለ ደረሰኝ ግን መከራከር ከባድ ነው።

አዲስ ላፕቶፕ ለመግዛት ብር የምታጠራቅሙ ደግሞ፣ ያላችሁ በሀርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ መጀመሪያ ኤስኤስዲ፣ ማለትም ከሀርድ ዲስክ በጣም የሚፈጥን ማከማቻ፣ አስገቡለት። ከዊንዶውስ መክፈት ጀምሮ ልዩነቱ በዐይን ይታያል፣ ወጪውም ከአዲሱ ጋር አይወዳደርም። ከመግዛታችሁ በፊት የታችኛውን ክዳን አስከፍቱና ከኤስኤስዲ ዓይነቶች ሳታ ይሁን ኤንቪኤምኢ የሚወስደው፣ ባለሙያው አይቶ ይንገራችሁ።