ተደባድቦ የማያውቅ ማስተር ራስን መከላከል ሊያስተምር ይችላል?

ሰላም ከጀሞ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። ከሥራ የምወጣው ማታ 3 ሰዓት ነው። ከታክሲ ወርጄ እስከ ኮንዶሚኒየሙ ድረስ መብራት የሌለው የ10 ደቂቃ መንገድ አለ። ባለፈው ወር የሥራ ባልደረባዬን ማጅራት መቺዎች ከኋላ አንቀው ስልኳን ወሰዱባት፣ እስካሁን ምራቅ ስትውጥ ያማታል። እኔም ልማር ብዬ ሁለት ቦታ ጠየቅሁ። አንዱ የቴኳንዶ ማስተር ነው፣ 4ኛ ዳን (የጥቁር ቀበቶ ደረጃ)። መንገድ ላይ ተደባድቦ ያውቅ እንደሆን ስጠይቀው ሳቅ ብሎ «ከልጅነቴ ወዲህ የለም» አለኝ። ሌላኛው ናይት ክለብ በር ላይ ቦውንሰር የነበረ ነው፣ ስንቱን እንደዘረረ ግማሽ ሰዓት አወራኝ። ዋጋቸው ያው ነው። ማንን ልምረጥ?

የድሮ ዘብ፦
ቦውንሰሩን። ሰው የእውነት ሲመጣብሽ ጉልበትሽ ይርዳል፣ ጆሮሽ ይደፈናል፣ የተማርሽው ሁሉ ይጠፋብሻል። ይሄን ያልቀመሰ ምኑን ያስተምርሻል? ክራቭ ማጋን (የእስራኤል ጦር የሚጠቀምበትን ራስን የመከላከል ስልት) የፈጠረው ኢሚ ሊክተንፌልድ እንኳ ቦክስና ትግል የሚችል ስፖርተኛ ነበር፣ ግን መንገድ ሌላ እንደሆነ የገባው በ1930ዎቹ ብራቲስላቫ ውስጥ አይሁዶችን ከሚደበድቡ ወሮበሎች ጋር ሲገጥም ነው።

ግራ ሁክ፦
ወንድሜ፣ 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው በትከሻው ገፍቶ ያሸነፈበት ዘዴ ለእህታችን ምን ይሠራላታል? የቦክስ አሰልጣኙ ከስ ዳማቶ ፕሮፌሽናል ቦክሰኛ ሆኖ አያውቅም፣ ያሳደገው ማይክ ታይሰን ግን በ1986 እ.ኤ.አ. ገና በ20 ዓመቱ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ።

የድሮ ዘብ፦
ሪንግ ላይ ዳኛ አለ። ጀሞ ዳኛ የለም 😂

ግራ ሁክ፦
እሷን ሰጥቼሃለሁ።

የቲቲ እናት፦
እህቴ፣ እነሱን ተያቸው። ከመክፈልሽ በፊት አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ ልምምዱን እዪ። መምህሩን ሳይሆን ያዡን፣ ማለት ለልምምድ አጥቂ ሆኖ የሚይዘውን ሰው፣ ተመልከቺ። ገና እጁን ነካ ስታደርጊው የሚለቅና በፈቃዱ የሚወድቅ ከሆነ ጭፈራ ነው። እኔ እንደዛ ያለ ቦታ 6 ወር ከፍያለሁ፣ መምህሩም ድብድብ ያየ ሰው ነበር። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ወንድሜን «እጄን ያዘኝ» አልኩት። የተማርኩትን ሁሉ ሞከርኩ፣ ጠመዘዝኩ፣ ጎተትኩ፣ ወይ ፍንክች። እሱ በሌላ እጁ ሻዩን እየጠጣ ነበር።
ሁለተኛው መምህሬ ተደባድቦ አያውቅም፣ ግን ያዡን «እንዳትለቃት!» ይለዋል። ከኋላ አንገት ሲታነቅ የደም ሥሩ ከተጫነ 10 ሰከንድ ገደማ ነው ያለሽ፣ ከዛ ራስሽን ትስቻለሽ። ስለዚህ መጀመሪያ አገጭሽን ወደ ክርኑ መታጠፊያ መቅበር፣ በሁለት እጅ ክንዱን ወደ ታች መሳብ፣ ከዛ መዞር። በወሬ ቀላል ነው፣ በማይለቅ ሰው ላይ ግን ወራት ፈጀብኝ። ደግሞ ጩቤ የያዘ ቢመጣ ምን እንደሚል ጠይቂው። «እቀማዋለሁ» ካለሽ ቦርሳሽን አንሥተሽ ውጪ።

አንቀጽ 78፦
ሰው መዘረሩን በኩራት የሚያወራ መምህር ስንት ክስ እንዳለበትም ጠይቂ 😀 የቀልዴን አይደለም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 78 መከላከልን የሚፈቅደው ከጥቃቱ ጋር ሲመጣጠን ነው። ሌባው ወድቆ ሳለ ከረገጥሽው አንቀጽ 79 ይመጣል፣ ከመጠን ማለፍ። እዚህ ላይ የሚያቆም መምህር ፈልጊ።

ሰላም ከጀሞ፦
ሁለቱም ጋ ሄጄ አየሁ። ቦውንሰሩ ቤት ሰው ቆሞ ወሬ ይሰማል፣ ሲያሳይም የሚጠራው ያንኑ ቀጭን ልጅ ነው። ግን ስለ ጩቤ ስጠይቀው ወሬውን አቁሞ እጅጌውን ሰበሰበና ክንዱ ላይ ያለውን ስፌት አሳየኝ። «ሩጪ» አለኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመረም። ያቺን አልረሳትም። ማስተሩ ደግሞ አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ጠርቶ ከኋላ አስያዘኝና «አትልቀቂያት» አላት። አራት ጊዜ ሞከርኩ፣ አራቴም አቃተኝ፣ ልጅቷ ይቅርታ እያለች ነው የምታንቀኝ። እዛው ተመዘገብኩ። ዶቦክ (የቴኳንዶ ልብስ) አሁኑኑ ልግዛ ወይስ በቱታ መጀመር ይቻላል?

የቲቲ እናት፦
በቱታ ጀምሪ። ጥፍርሽን ግን ቁረጪ።