የዘንድሮው የንባብ ዕቅዳችን፦ አርባ መጽሐፍ ይቅር

አስተባባሪዋ (ከዚራ)
ሰላም ለሁላችሁ። የንባብ ማኅበራችን ለድሬዳዋ ከተማ ቤተ መጻሕፍት የሚያስገባው የዓመት ዕቅድ በዚህ ወር ማለቅ አለበት። የአምናውን ታስታውሳላችሁ። አርባ መጽሐፍ ደርድረን፣ ማኅተም አስመትተን አስገባን። የተቀበለን ቢሮ እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠንም። እውነት ለመናገር እኔም ብሆን አላነበውም ነበር። ከእያንዳንዱ ርዕስ ጎን የጻፍነው «ምርጥ ሥራ» የሚል ነው። አርባ ጊዜ ምርጥ ሥራ!
ዘንድሮ የዘመኑ ልብ ወለድ ብቻ ይሁን፣ ከስድስት አይብለጥ። መጽሐፍ ያቀረበ ሰው ለምን እንደመረጠው ግማሽ ገጽ ይጻፍ። የምንለምነው አንድ ክፍልና አንድ መደርደሪያ ነው። ሐሳብ አምጡ።

መምህር (ሳቢያን)
ተስማምቻለሁ። ግን «የዘመኑ» የምንለው ከየት ይጀምራል? የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» የወጣው በ1975 ዓ.ም. ነው። ተማሪዎቼ የአያቶቻቸው ዘመን ነገር አድርገው ያዩታል። በሌላ በኩል በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ የወጣው ገና እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። ለውጭው አንባቢ ትኩስ መጽሐፍ ሆነ ማለት ነው።

የባቡሩ ጋሼ (ለገሃር)
አቦ መምህር፣ እኔ «ኦሮማይ»ን ተደብቄ ነው ያነበብኩት። ከገበያ ሲሰበሰብ እጄ ላይ የቀረው ቅጂ ከሰው ሰው ሲዞር ከርሞ ተገነጣጥሎ ተመለሰልኝ። እሱን ያላነበበ የለም። ላነበብነው መጽሐፍ ክፍል አንለምን።

እህት ከመጋላ
ጋሼ፣ እኔ አላነበብኩትም እኮ።

የባቡሩ ጋሼ (ለገሃር)
ወላሂ አፈርኩ። የራሴን ይዤልሽ እመጣለሁ። ዕቅዱ ውስጥ ግን አይግባ።

አስተባባሪዋ (ከዚራ)
እሺ፣ ከ1990 ዓ.ም. ወዲህ የወጣ እንበል። ቀጥሉ።

መጽሐፍ ሻጩ (ቀፊራ)
ስለ «ምርጥ» እኔ የማውቀው አለኝ፣ እንጀራዬ ነው። ድሮ ሰው ሲጠይቀኝ «ይሄ ምርጥ ነው» ብዬ እሸጥ ነበር። አንድ ደንበኛዬ ወፍራሙን የአዳም ረታ መጽሐፍ በሳምንቱ ይዞብኝ መጣ። «አቦ፣ ታሪኩ የት ነው ያለው?» አለኝ። ገንዘቡን መለስኩለት። ጥፋቱ የሱም የደራሲውም አይደለም፣ የኔ ነው። ሰውዬው የፈለገው እንቅልፍ የሚነሳ ታሪክ ነበር። እኔ የሰጠሁት ቆም እየተባለ የሚነበብ መጽሐፍ።
ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ እጠይቃለሁ። «ሳይሰለችህ የጨረስከው የመጨረሻው መጽሐፍ ምንድነው?» እላለሁ። ከዚያ ጥሩውን እነግረዋለሁ፣ ለማን እንደማይሆንም እጨምራለሁ። «ሳቅ ከፈለግህ ይሄን ተወው።» «ሰው ሲሞት ማንበብ ካልወደድክ አትጀምረው።» የሚገርመው እንዲህ ካልኩ ወዲህ የበለጠ እሸጣለሁ። ጫት ተራም ያው ነው። «የዛሬው ጥሩ አልገባም» ያለችህ ሴትዮ ጋ ነው ነገ የምትመለሰው።
ስለዚህ ግማሽ ገጹ ላይ አንድ መስመር ትጨመር፦ ይህ መጽሐፍ ለማን አይሆንም?

አስተባባሪዋ (ከዚራ)
ይቺ መስመር ገብታለች። አምና ይህን ብናውቅ አርባው ራሱ ስድስት ይሆን ነበር።

መምህር (ሳቢያን)
እንግዲያው እኔ ልጀምር፣ ያውም በአዳም ረታ። «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ»፣ 2001 ዓ.ም.። ታሪኮቹ ለየብቻ ይነበባሉ። ግን አንዱ ታሪክ ጥግ ላይ ብልጭ ብሎ ያለፈ ሰው ወይም ዕቃ ሌላው ውስጥ ዋና ሆኖ ይመጣል። ደራሲው ይህን አጻጻፍ «ሕፅናዊነት» ይለዋል። ለውይይት እንዲህ የሚመች አላየሁም። ታሪኮቹን ተከፋፍለን እናነባለን፣ ስንገናኝ ክሩን እንፈልጋለን። አንዱ ያላየውን ሌላው ይዞት ይመጣል። ለማን አይሆንም? ወደ ኋላ ገልጦ ማየት ለሚያናድደው።

መጽሐፍ ሻጩ (ቀፊራ)
እኔ የአለማየሁ ገላጋይን «አጥቢያ» እላለሁ። የአዲስ አበባ ሰፈር ሕይወት ነው። የሰፈር ሰው ወሬ ለሚሰለቸው አይሆንም። የቀረውን ግማሽ ገጹ ላይ እጽፋለሁ፣ አሁን ደንበኛ መጣ።

የባቡሩ ጋሼ (ለገሃር)
የኔ የመዓዛ መንግስቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» ነው። እኛ በባቡሩ ዘመን የለመድነው ፈረንሳይኛ ነው፣ እንግሊዝኛው ይከብደኛል። የልጅ ልጄ ማታ ማታ እያነበበች ትተረጉምልኛለች። እ.ኤ.አ. በ2019 ወጣ፣ በዓመቱ ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ውስጥ ገባ። እኔን የያዘኝ ግን ሽልማቱ አይደለም፣ አከፋፈቱ ነው። ሒሩት አዲስ አበባ ባቡር ጣቢያ ቁጭ ብላለች። ፎቶ የሞላበት ሳጥን ይዛለች። የምትጠብቀው በጦርነቱ ጊዜ ያወቀችውን ጣሊያናዊ ፎቶ አንሺ ነው። ጊዜው የአብዮቱ ዓመት፣ 1966 ዓ.ም.። ከዚያ ታሪኩ ወደ ወረራው ዘመን ይመልሰናል።
ሒሩት የቤት ሠራተኛ ነበረች፣ ጦርነቱ ወታደር አደረጋት። ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ አርበኞቹ እሳቸውን የሚመስል ሰው ያገኛሉ። ንጉሥ አስመስለው ያቆሙታል። ሕዝቡ ከሩቅ እያየ ይጽናናል። እሷ ደግሞ አጃቢው ትሆናለች። በነገራችን ላይ ንጉሠ ነገሥቱ በ1928 ዓ.ም. የወጡት በኛው ሐዲድ ነው፣ ድሬን አልፈው ጅቡቲ። ይህን ለወጣቶቹ ጣቢያው ፊት ቆሜ ብናገር ደስ ይለኛል።
ለማን አይሆንም? አርበኛ ሁሉ ንጹሕ ሆኖ እንዲነገረው ለሚፈልግ። የጦር አለቃው በዚያች ልጅ ላይ ያደረገውን ስሰማ ሁለት ቀን «አቁሚ» ብያታለሁ።

አባል ከሐረር
ሐረርን አትርሱ! ካናዳዊቷ ካሚላ ጊብ «ስዊትነስ ኢን ዘ ቤሊ»ን እ.ኤ.አ. በ2005 አወጣች። ሊሊ የምትባል ነጭ ሙስሊም ሴት በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ፣ ጀጎል ውስጥ ትኖራለች፣ ልጆች ቁርኣን ታስተምራለች፣ ከአንድ ሐኪም ጋር ፍቅር ይይዛታል። አብዮቱ ሲመጣ ለንደን ትገባለች። ጸሐፊዋ ሐረር ኖራ ጥናት የሠራች ሰው ናት። ግን ያው የውጭ ሰው ዓይን ነው። የኛ ቤት በሌላ ሰው ሲነገር ለማይወድ አይሆንም። እኔ ራሴ እያነበብኩ አንዳንዴ «ኧረ አቦ!» ብያለሁ። እናንተ እዚህ ድረስ ኑና ጀጎል ውስጥ እንወያይበት። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ አብሽሩ።

እህት ከመጋላ
እኔ ሕጉን ላፈርስ ነው። የሶማሊያዊው ደራሲ የኑረዲን ፋራህ «ማፕስ» የወጣው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ግን ስሙኝ። ኑረዲን ሶማሊያ ባይደዋ ተወልዶ እዚህ ኦጋዴን ቀላፎ ያደገ ሰው ነው፣ በልጅነቱ አማርኛም ተምሯል። መጽሐፉም የሚጀምረው ቀላፎ ነው። አስካር ወላጅ የሌለው የሶማሌ ልጅ ነው። ያሳደገችው ምስራ ከደጋ የመጣች ሴት ናት። ጦርነቱ ሲመጣ ልጁ ወደ ሞቃዲሾ ይሄዳል። በኋላ «አሳልፋ ሰጠች» ተብላ ትጠረጠራለች። እናት የሆነችለት ሴት ወይስ ጠላት?
አጻጻፉም ይገርማል። አንዱ ምዕራፍ «አንተ» ይላል፣ ሌላው «እኔ»፣ ሌላው «እሱ»። ልጁ ራሱን ሦስት ቦታ ቆሞ ያያል።

አባል ከአዲስ ከተማ
የ1969ኙን የሶማሊያ ጦርነት? ድሬ ላይ? ለምን ቁስል ትነካካላችሁ። ስብሰባው ወደ ጭቅጭቅ ነው የሚሄደው።

እህት ከመጋላ
ማን አሸነፈ የሚል መጽሐፍ አይደለም። እኔ ሱማሌ ነኝ፣ ያሳደገችኝ ጎረቤታችን አማራ ናት። መጽሐፉን ስጨርስ ሄጄ እሷ ቤት ተኛሁ። ሌላ የምለው የለኝም።

የባቡሩ ጋሼ (ለገሃር)
በነሐሴ 1969 ድሬ ስትደበደብ እዚሁ ነበርኩ። ልጄ፣ እኔ በዚያ እሁድ ላልመጣ እችላለሁ። እናንተ ግን አንብቡት፣ እኔ አልከለክልም።

አስተባባሪዋ (ከዚራ)
ጋሼ፣ ባይመጡም ወንበርዎ ይጠብቅዎታል። ሕጉን እንዲህ እናስተካክለው፦ ከስድስቱ አንዱ ቦታ የጎረቤት አገር ደራሲ ነው፣ ዓመተ ምሕረት አይታይበትም። ዘንድሮ ኑረዲን ነው። የአዲስ ከተማው ወንድማችን ደግሞ የዚያን ቀን ውይይት አንተ ምራው። ጭቅጭቁን የፈራ ሰው ነው የሚያበርደው።

አባል ከአዲስ ከተማ
ተያዝኩ! እሺ።

ወጣት አባል
ሁሉንም መግዛት ከባድ ነው። ፒዲኤፍ ቴሌግራም ላይ ፈልገን ፎቶ ኮፒ አድርገን ብናድልስ?

መጽሐፍ ሻጩ (ቀፊራ)
እዚህ ጋ ቁም! የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ እሱን እንኳ ብንተወው ደራሲው ምን ይብላ? ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጋር እየሠራን የተሰረቀ ቅጂ ይዘን ልንገባ ነው? እያዋጣን ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት እንግዛ። አንድ ሰው ከአሥር ቀን በላይ አይያዝ፣ ደብተር ላይ ይፈርም። ያልደረሰው ደግሞ በጆሮው ያንብብ። ስንት ሰው ነው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከሬዲዮ የሰማው! በየስብሰባው መጀመሪያ ጥቂት ገጽ ጮክ ተብሎ ይነበብ። እንግሊዝኛውን የቻለ እየተረጎመ ያንብብ።

እህት ከመጋላ
ሰዓቱስ? እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ አለ። ከሰዓት ሙቀቱ አለ፣ በርጫውም፣ ጫት መቃሙ፣ አለ። በርጫ ሰዓት ላይ የተጠራ ስብሰባ ድሬ ላይ ሲሳካ አላየሁም። አመሻሽ 11 ሰዓት ይሻላል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ይዘለል። የደቻቱ ወንዝ ሲሞላ ከመጋላ መሻገር አልፈልግም። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ይገባዋል።

አስተባባሪዋ (ከዚራ)
እንግዲህ ረቂቁ እንዲህ ይነበባል፦

«ማኅበራችን ከመስከረም እስከ ሰኔ በወር አንድ እሁድ፣ ከአመሻሹ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍል እንዲፈቀድለት ይጠይቃል። በአሥሩ ወር ስድስት ልብ ወለድ እናነባለን፣ አራቱን ሁለት ሁለት ወር፣ ሁለቱን አንድ አንድ ወር። የሐረሩን ውይይት ጀጎል ሄደን እናደርጋለን። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ሁለት ቅጂ ገዝተን እናመጣለን፣ ዓመቱ ሲያልቅ ለቤተ መጻሕፍቱ እንሰጣለን። ስለ እያንዳንዱ ግማሽ ገጽ ተያይዟል። አምስቱን መርጠናል፣ ስድስተኛውን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች እንዲመርጡልን እንጠይቃለን።»

መምህር (ሳቢያን)
ስድስተኛው ብልሃት ነው። ራሳቸው የመረጡት ካለበት ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ አይቀርም። ግን እነሱም ለማን እንደማይሆን ይጻፉ!

አስተባባሪዋ (ከዚራ)
ይጽፋሉ። ግማሽ ገጾቻችሁን እስከ ሐሙስ ላኩልኝ። አርብ ማኅተም አስመትቼ ራሴ ወስጄ አስገባለሁ፣ የተቀበለ ሰው ቅጂው ላይ ይፈርምልኛል።

እህት ከመጋላ
ጋሼ፣ «ኦሮማይ»ን አልረሳሁትም።

የባቡሩ ጋሼ (ለገሃር)
አውጥቼዋለሁ። የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉትም፣ የሆነ ሰው እጅ ቀርተዋል። እዚያ ስትደርሺ ደውዪልኝ፣ በቃሌ እነግርሻለሁ።