ሜሪ ሬይቢና የ1828ቱ ቆጠራ

ውድ ወገኖች፣ «በምን ዓይነት ቪዛ ገባችሁ?» ተብለን ስንጠየቅ ስለሚሰማን ስሜት ወገኖች የጻፉትን ሳነብ፣ እዚህ አውስትራሊያ የምንኖር ሰዎች ዘወትር የምንመነዝረው የ20 ዶላር ኖት ላይ ያለችው ሴት፣ ሜሪ ሬይቢ፣ ትዝ አለችኝ።

ሜሪ በ1777 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በሰሜን እንግሊዝ ተወለደች። በ13 ዓመቷ፣ የወንድ ልብስ ለብሳና የወንድ ስም ይዛ ስትዘዋወር ፈረስ ሰርቃለች ተብላ ተያዘች፤ የሰባት ዓመት ግዞትም ተፈረደባት። ብሪታንያ ቀድሞ እስረኞቿን የምትልከው ወደ አሜሪካ ነበር፤ አሜሪካኖች ነፃነታቸውን ሲያውጁ ያ በር ስለተዘጋባት ከ1788 እስከ 1868 ድረስ 160 ሺህ ያህል ሰዎችን ወደ አውስትራሊያ አጋዘች።

ሜሪ ሲድኒ የደረሰችው በኦክቶበር 1792 ሲሆን፣ ከመርከቡ ሆና ለአክስቷ የጻፈችው ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ ለመውጣት አጋጣሚውን ሁሉ እንደምትጠባበቅ ትነግራታለች። ከመካከላችን ለእናቱ ይህንኑ ያላለ ማን አለ? የፍርዱ ዘመን ማለቅ ግን አገር ቤት መግባት ማለት አልነበረም፤ መንግሥት ለመሄጃው እንጂ ለመመለሻው አይከፍልም፣ ወንዶቹ መርከብ ላይ ተቀጥረው ሊመለሱ ሲችሉ ለሴቶች ግን መንገዱ እጅግ ጠባብ ነበር።

መጀመሪያ በአንድ ሻለቃ ቤት ሞግዚት ሆና ተመደበች። በ1794 ቶማስ ሬይቢን አገባች፤ ባልና ሚስቱም እህል በጀልባ እያመላለሱ ይነግዱ ጀመር። በ1811 ባሏ ሲሞት ሰባት ልጆች ቀሩባት፤ የንግድ ሸሪካቸውም በዚያው ዓመት አረፈ። እሷ ግን መርከቦቹንና መጋዘኖቹን ራሷ ይዛ ከሲድኒ ባለጠጎች አንዷ ሆነች፣ በ1817 የአገሪቱ የመጀመሪያ ባንክ ሥራ የጀመረውም ከእሷ በተከራየው ቤት ነው። (ሀብቷ ከበቀለበት፣ ከሲድኒ አቅራቢያ ካለው ከሆክስበሪ ወንዝ ዳር፣ ነባሩ የዳሩግ ሕዝብ መነቀሉን ግን የሚያነሣላት ጥቂት ነው።)

በ1820 ከሁለት ሴት ልጆቿ ጋር እንግሊዝን ጎብኝታ በማግሥቱ ዓመት ተመለሰች። በ1828ቱ የሕዝብ ቆጠራ «እንዴት መጣሽ?» ለሚለው ጥያቄ ያስመዘገበችው መልስ በ1821 ነፃ ሰው ሆና የመጣች መሆኗን ነው። ውሸት ነው ለማለት ያስቸግራል፣ በዚያ ዓመት በርግጥ ከፍላ የተሳፈረች መንገደኛ ነበረችና። ነፃ ሆነው የመጡት ሰዎች በግዞት ከመጡት ጋር አንድ ማዕድ መቅረብን እንደ ውርደት በሚቆጥሩበት ከተማ፣ ይህን ያህል ሀብት እንኳ በግዞት መምጣቷን የሚናገረውን ያንን አንድ መስመር ሊፍቅላት አልቻለም ነበር። የልጅ ልጇ በ1876 የታዝማኒያ የመንግሥት መሪ እስከ መሆን ደርሷል፤ ብዙ የግዞተኛ ቤተሰቦች ግን ከዚያም በኋላ ለትውልዶች ዘራቸውን ደብቀው ኖረዋል። የዛሬዎቹ የልጅ ልጆቻቸው የአያቶቻቸውን የፍርድ መዝገብ ራሳቸው ከቤተ መዛግብት እየፈለጉ ያወጡታል።