አስቸኳይ፦ አራቱ ሳህኖች በየት በየት በኩል ነው የሚቀመጡት?

ሰናይት (ደቡብ እንግሊዝ)፦ ሰላም ቤተሰብ፣ የሚያውቅ ካለ ቶሎ በሉልኝ። ኬር (የአረጋውያን እንክብካቤ) የምሠራላቸው እናት የ84 ዓመት ሴት ናቸው። እምነታቸው ፔጋን (ተፈጥሮን የሚያከብር የጥንት ዓይነት እምነት) ነው። ዛሬ ዲሴምበር 21፣ እዚህ የዓመቱ አጭሩ ቀን ስለሆነ ፀሐይ ስትጠልቅ በዓላቸውን ያከብራሉ። ክብ ጨርቅ ዘርግቼ አፈር፣ ላባ፣ ሻማና ውሃ በየሳህኑ አድርጌ በአራቱ አቅጣጫ እንዳስቀምጥ በእጃቸው ጽፈው ሰጥተውኝ ነበር። ሻይ ደፋሁበት። ሰማያዊው ቀለም ተሟሟ፤ አራት ክቦች ብቻ ቀሩ። እሳቸው ተኝተዋል፣ ልጃቸው ስልክ አታነሳም። አሁን 8 ሰዓት አለፈ፣ 10 ሳይሞላ ፀሐይ ትገባለች።

ወልደ ሥላሴ፦ እህቴ፣ በጾመ ነቢያት የባዕድ አምልኮ ማዕድ ታዘጋጃለሽ? ሥራ ነው ብለሽ ነፍስሽን አትሽጪ። «አልችልም» በያቸው።

ሰናይት፦ ወንድሜ፣ እኔ ጨርቅ ነው የማነጥፈው፣ አልሰግድም። እሳቸው ለእኔ ጾም ብለው ወተት የሌለበት ብስኩት ለብቻ በቆርቆሮ ያስቀምጡልኛል። እባክህ የምታውቀው ካለ ንገረኝ።

ጋሽ ታዬ፦ መጀመሪያ ነገሩን እንረዳ። ምድር 23.4 ዲግሪ ያህል ያዘነበለች ስለሆነች ዛሬ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ከፀሐይ የራቀውን ዘንበል ይዟል። አዲስ አበባ ቀኑ ከ11 ሰዓት ተኩል ይበልጣል፤ እናንተ ጋ 8 ሰዓት ገደማ ነው። ለዚህ ነው እዚያ ያሉ ሰዎች የብርሃኑን መመለስ ከጥንት ጀምሮ የሚጠባበቁት። አየርላንድ ኒውግሬንጅ የሚባል ከ5,000 ዓመት በላይ የሆነው መቃብር አለ፤ በእነዚህ ቀናት ጠዋት ብርሃኑ ከበሩ በላይ ባለች ቀዳዳ ገብቶ 19 ሜትር መተላለፊያውን አልፎ ውስጠኛውን ክፍል ለ17 ደቂቃ ያህል ያበራል። አራቱን ባሕርያት (መሬት፣ ነፋስ፣ እሳት፣ ውሃ) ግን ከግሪኩ ፈላስፋ ከኤምፔዶክለስ ነው…

ሜላት፦ ጋሼ፣ ልጅቷ ሰዓት የላትም 😅 ሰኒ፦ አፈር ሰሜን፣ ላባ (ነፋስ) ምሥራቅ፣ እሳት ደቡብ፣ ውሃ ምዕራብ። ጎረቤቴ በየዓመቱ እንዲህ ነው የምታደርገው።

ቢኒ፦ ምዕራብ ፀሐይ የምትገባበት ነው፣ ውሃውን እዚያ አድርጊ፣ ሌላው ይስተካከላል።

ዳዊት (ለንደን)፦ ቢኒ፣ ይሄ አገር ቤት ነው የሚሠራው፤ እዚያም ዛሬ ትንሽ ይሸሻል። እንግሊዝ ውስጥ ዛሬ ፀሐይ የምትገባው በደቡብ ምዕራብ ነው። ስቶንሄንጅም (እዚህ ያለው የጥንት የድንጋይ ክበብ) የተቀናው ዛሬ ፀሐይ ወደምትገባበት ነው። በመስኮት አይተሽ ብታስቀምጪ አራቱም ሳህን ይዛባል። የስልክሽን ኮምፓስ ክፈቺ፣ ከብረት አልጋው ግን ራቅ አድርጊው። እሳቱ ደቡብ የሆነው ቀትር ላይ ፀሐይ እዚህ በደቡብ ስለምትቆም ነው ይላሉ፤ አውስትራሊያ ያሉት ብዙዎቹ ወደ ሰሜን ያዞሩታል።

ቢኒ፦ እሺ፣ ግን ውሃ ምዕራብ።

ሰናይት፦ ኮምፓስ ከፈትኩ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ደቡቡ በራስጌያቸው በኩል ሆነ። ሻማው ራስጌ ይሁን? ማሽኑ ደግሞ እዚያው ነው።

ሜላት፦ የምን ማሽን?

ሰናይት፦ የኦክስጅን። ቀኑን ሙሉ አፍንጫቸው ላይ ነው።

ሲስተር ሐና፦ ሰናይት፣ ሻማ እንዳትለኩሺ! ዕጣንም እንዳታጨሺ! ነርስ ነኝ። ኦክስጅን ልብሳቸው፣ ፀጉራቸውና አልጋ ልብሱ ውስጥ ይገባል፤ ትንሿ ፍንጣሪ ሰውን ታቃጥላለች። እሳት ከኦክስጅን ቢያንስ 3 ሜትር መራቅ አለበት፤ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። ሐኪም ሳያዝ ማሽኑን አጥፍተሽ ሻማ ማብራትም አታስቢ። ከንፈራቸውን ቫዝሊን ቀብተሽ ከሆነ ጥረጊው። ባትሪ ያለው ሻማ ትንንሽ ሱቅ ሁሉ ውስጥ አለ። ከሌለ የፀሐይ ቀለም ያለው ብርቱካን ሳህኑ ላይ አድርጊ።

ወልደ ሥላሴ፦ ስለ ኦክስጅኑ ሲስተር ሐና ያለችውን ስሚ። ደግሞ ሳስበው፣ የእኛም አባቶች ሰው ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃ፣ ከመሬት ነው የተፈጠረው ብለው አራቱን ባሕርያተ ሥጋ ያስተምራሉ። የእነሱ አምልኮ ነው፣ የእኛ ትምህርት ነው፤ አንድ አይደለም። ሴትዮዋን ግን አታሳዝኛቸው።

ሰናይት፦ ሱቁ ማዶ ነው፣ ጎረቤት አጠገባቸው ተቀምጣልኛለች፣ እየሮጥኩ ነው። አፈሩ ከአትክልት ቦታቸው ነው፣ ትንሽ በረዶ ይዞ ነበር፣ ሳህኑ ላይ ቀለጠ። ምን ላድርግ?

ዳዊት (ለንደን)፦ ተዪው፣ እርጥብ አፈርም አፈር ነው።

ትዕግሥት፦ አሁን ገና ነው ያየሁት። ውሃውን ፀሐይ የምትገባበት በኩል አድርጊ፣ ሻማውን አብሪ፣ አለቀ።

ሲስተር ሐና፦ ትዕግሥት፣ ከላይ አንብቢ፣ ኦክስጅን አለ! ሰኒ፣ 9 ሰዓት ተኩል ሆነ። ባትሪውን አገኘሽ?