የሂፓ ጣጣ በትንሽ ክሊኒክ፦ የቱ ነው የግድ?

ጠያቂ (እንግዳ መቀበያ ላይ ያለሁ)፦
ጤና ይስጥልኝ። እዚህ አሜሪካ አንዲት ሐኪም ብቻ ያለችበት ክሊኒክ ነው የምሠራው። ስልኩም፣ ቀጠሮውም፣ የኢንሹራንሱ ጭቅጭቅም እኔው ጋ ነው። በዚያ ላይ ሂፓ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው፣ የታካሚ ምስጢር ጠብቁ የሚለው ሕግ። ታካሚ ወደ ሌላ ሐኪም ስንልክ እንኳ ሳላስፈርም ፋይሉን አልሰድም። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ድርጅት ደውሎ «የሂፓ ሰርተፍኬት ካልገዛችሁ ጉድ ይፈላባችኋል» አለን። በር ላይ ያለው የስም መመዝገቢያስ ይነሳ?

ቢሊንግ ሠራተኛ፦
ሰርተፍኬቱን እርሺው እህቴ። መንግሥት የሚያውቀው የሂፓ ሰርተፍኬት የለም። ሠራተኛ ማሠልጠን ግን ግዴታ ነው፣ እሱንም ራሳችሁ ትችላላችሁ። ማን መቼ እንደሠለጠነ ጻፉና 6 ዓመት አስቀምጡት።

ነርሷ፦
ለሕክምና ተብሎ ፋይል ለሌላ ሐኪም ሲላክ ሂፓ ፊርማ አይጠይቅም። ግማሹን ወረቀት ያበዛነው እኛው ነን ባይ ነኝ። የሥነ አእምሮ ባለሙያ ለብቻው የሚይዘው የምክክር ማስታወሻና የሱስ ሕክምና መዝገብ ግን ይለያሉ፣ የስቴታችሁ ሕግም ጠበቅ ሊል ስለሚችል እሱን እዩ። መመዝገቢያው ይቆይ፣ «የመጡበት ምክንያት» የሚለውን ዓምድ ብቻ አጥፊው። ስም ጠርቶ ማስገባትም ችግር የለውም።

የኮምፒውተር ሰው፦
ሁሉም ስለ ወረቀት ያወራል፣ እኔን የሚያስፈራኝ ላፕቶፑ ነው። ከባዱ ሥራ የስጋት ግምገማው ነው፦ የታካሚ መረጃ የት የት አለ፣ ማን ይከፍተዋል፣ ቢጠፋስ? ትንሽ ነን ማለት አያስመልጥም። የፌደራሉ የጤና መሥሪያ ቤት ለትንንሽ ክሊኒኮች በነጻ የሚሰጠው ሶፍትዌር አለ፣ በእሱ ሥሩት። ላፕቶፑን በደንብ ኢንክሪፕት አድርጉት፣ ማለትም መክፈቻ የሌለው ሰው መረጃውን እንዳያነበው ቆልፉት። ያኔ ቢሰረቅም፣ መክፈቻው አብሮ እስካልሄደ ድረስ፣ ለታካሚ አሳውቁ አትባሉም። ካላደረጋችሁ ግን ቢዘገይ በ60 ቀን ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው ደብዳቤ ነው፤ ከአንድ ስቴት ከ500 ሰው በላይ ከተነካ ደግሞ ለመገናኛ ብዙኃን ጭምር።

ታካሚ ነኝ፦
እኔ የገዛ ፋይሌን ስጠይቅ «ሂፓ አይፈቅድም» ተብያለሁ! ሕጉ እኮ የሚለው ተቃራኒውን ነው፣ በ30 ቀን ውስጥ ስጡ ነው። ሸክም ሸክም ስትሉ ይቺንም አትርሱ።

ጠያቂ፦
ተባረኩ! ወረቀት የሚፈጭልን ድርጅትና የጽዳት ሠራተኛዋስ የሚፈርሙት ነገር አለ?

ቢሊንግ ሠራተኛ፦
ፈጪው አዎ፣ ልክ እንደ ቢሊንግ ድርጅት የምስጢር ጥበቃ ውል ይፈርማል። ጽዳቷ አያስፈልጋትም፣ ሥራዋ ከፋይል ጋር አይገናኝም። ብቻ ማታ ስትወጡ ፋይል ጠረጴዛ ላይ አትተዉ።