ወደ ዘጌና ደቅ የጡት ምርመራ ይዞ መውጣት፦ ማሞግራፊ (የጡት ራጅ) ወይስ እጅ?

ጣና ዳር
ጤና ይስጥልኝ። ከባሕር ዳር ተነስተን በወር አንዴ ለዘጌና ለደቅ ደሴት ሴቶች የጡት ካንሰር ምርመራ ለማድረስ አስበናል። ያለን ሁለት ሴት ነርሶች፣ አንድ ጤና መኮንንና ጀልባ ነው። ማሞግራፊ የተገጠመለት መኪና እንግዛላችሁ ያሉ አሉ። ያዋጣል? በቀንስ ስንት ሴት ይታያል?

የምስል ክፍል
መኪና ደቅ አይሻገር! ዘጌ ቢገባም ማሞግራፊ ንዝረት አይወድም፤ ከጉዞ በኋላ በፋንተም (ጡት መሳይ መፈተሻ) ካልተፈተሸ ምስሉ አይታመንም። ደግሞ እኛ አገር ብዙዎቹ ታማሚዎች 50 ዓመት ያልሞላቸው ናቸው። የወጣት ጡት ጥቅጥቅ ስለሚል ጡቱም እብጠቱም ነጭ ሆነው ይመሳሰላሉ። ገንዘቡ ለባዮፕሲ (ከእብጠቱ ናሙና ወስዶ ለመመርመር) ይዋል ባይ ነኝ።
አልትራሳውንድ ግን ያዙ፤ ሊኒየር ፕሮብ (ቆዳ ላይ የሚያርፈው ጫፉ ቀጥ ያለ)፣ 10 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ። ለነፍሰ ጡር የሚያገለግለው ፕሮብ ጥልቀት ለማየት የተሠራ ስለሆነ ከቆዳ ሥር ያለች ትንሽ እብጠት ታመልጠዋለች። አልትራሳውንዱም ቢሆን እጅ ያገኘው እብጠት ምን እንደሆነ ለመለየት ነው።

ነርስ ነኝ
በእጅ ለመፈተሽ ለአንድ ጡት 3 ደቂቃ፣ ከጥያቄና ከመዝገብ ጋር ለአንዲት ሴት 10 ደቂቃ ያዙ። ሁለት ነርሶች በ4 ሰዓት ውስጥ 48 ሴት ያያሉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ማየት ሳይሆን መንካት ነው። በሦስቱ መካከለኛ ጣቶች ለስላሳ ክፍል፣ ትንንሽ ክብ እየሠራችሁ፣ አንዱን ቦታ ሦስቴ፦ ቀለል፣ መካከለኛ፣ እስከ ጎድን አጥንት ጠለቅ። አካሄዱ እንደ በሬ ትልም፣ ወርዶ መውጣት ነው። ሰልፍ ሲረዝም የሚዘለለው ብብትና ወደ ብብት የሚዘልቀው የላይኛው ጎን ነው፤ ካንሰሩ ደግሞ የሚበዛው እዚያው። «አያመኝም» ስላለች አትለፏት፤ አብዛኛው አያምም። የምታጠባ ሴት ጡቷ ቀልቶ አንቲባዮቲክ ጨርሳ ካልተሻላት ላኳት።
ለዘጌ በወር 16 ቀን ሂዱ፤ ለኪዳነ ምሕረት ሴቱ ሁሉ ይወጣል። በጠዋት ተነሱ፣ ከሰዓት ጣና ይናወጣል። ደቅ ግን እደሩ። (ዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ ድንኳን እንትከል የሚል አይጠፋም፤ ሴት አይገባበትም!)

ፓቶሎጂ
ናሙናው በ14 ጌጅ (የመርፌ ውፍረት ቁጥር) መርፌ ይወሰድ። ወዲያው 10 በመቶ ፎርማሊን (ናሙናው እንዳይበላሽ የሚጠብቅ ፈሳሽ) ውስጥ፣ ፈሳሹ የናሙናውን ቢያንስ 10 እጥፍ። ስሟን በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክርቢቶ ቀለም ይለቃል። ምልክቱ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ብልቃጡ ላይ ይለጠፍ፣ ክዳን ይለዋወጣል። የተነከረበትን ሰዓትም መዝግቡ፦ ፎርማሊን ውስጥ የቆየበት ጊዜ ከ6 ሰዓት ካነሰ ወይም ከ72 ሰዓት ካለፈ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራው (የሆርሞን መድኃኒት ይሠራላት እንደሆነ የሚያሳየው) ሊዛባ ይችላል። ስለዚህ ደቅ ላይ ናሙና የሚወሰደው በመመለሻው ቀን ነው።

ጣና ዳር
ስልክ የሌላትስ ውጤቷን እንዴት ትሰማ?

ነርስ ነኝ
ጎጧንና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን መዝግቡ። በባል ስልክ «ካንሰር» የሚል መልእክት እንዳትልኩ፤ «ለቀጠሮ ነይ» ይበቃል፤ ሌላውን ባለሙያዋ ቤቷ ሄዳ ትንገራት። የዓለም ጤና ድርጅት ግብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጣችበት ቀን እስከ ምርመራው ውጤት 60 ቀን ነው። በወር አንዴ ለሚመጣ ጀልባ ያ ሁለት ዙር ብቻ ነው።